የትኩሳት ደብተር

ፍሪጃችን አናት ላይ አንድ ሰማያዊ ደብተር አለ። ባለ 50 ሉክ፣ ተማሪ የሚይዘው ዓይነት። ሽፋኑ ላይ ባለቤቴ በጉልህ «ትኩሳት» ብላ ጽፋበታለች። የውስጡ የመጀመሪያ መስመር ግን የእኔ ጽሑፍ ነው። ፊደሎቹ ተንጋደዋል፤ በስልክ መብራት ነው የጻፍኩት። «ሐምሌ 14። ሌሊት 8፡20። 39.2። ሽሮፕ 5 ሚሊ። ሽንት፦ ከማታ 2 ሰዓት ወዲህ የለም።»

ልጃችን ያኔ 1 ዓመት ከ7 ወሯ ነበር። ባለቤቴ ለሥልጠና ሐዋሳ ሄዳለች። እናቴ ክረምቱን ከእኛ ጋር ልታሳልፍ ከደሴ መጥታለች። ቀን ላይ ሚጣ ቅዝዝ ብላ ነበር፤ ራቷንም አልበላችም። ጥርስ ይሆናል ብለን አለፍነው። ሌሊት እናቴ ትከሻዬን ይዛ ነቀነቀችኝ።

«ተነስ እስቲ፣ ልጅቷ እሳት ሆናለች!»

መብራት ጠፍቷል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል። ግንባሯን ስነካው እጄን መለስኩት። እግሮቿ ግን በረዶ ናቸው። ያንቀጠቅጣታል። እናቴ ሁለት ብርድ ልብስና አንድ ጋቢ ደራርባባታለች፤ ንፋስ እንዳይገባ የመስኮቱን ስንጥቅ ሳይቀር በጨርቅ ወትፋዋለች። እኔ የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አቅፎ መሮጥ። ወዴት እንደምሮጥ ግን አላውቅም።

ሮጬ የደረስኩት አከራያችን በር ላይ ነው። ሲስተር እንላቸዋለን፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚጠራቸው። ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ነጠላቸውን ደርበው፣ ጃንጥላ ይዘው መጡ።

እኔ ቴርሞሜትሩን ይዤ ቆሜያለሁ። «ስንት ደረሰ?» ብለው የሚጠይቁኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። «መጨረሻ የሸናችው መቼ ነው?» አሉኝ።

አላውቅም። ቀኑን ሙሉ አብሬያት ውያለሁ፣ አባቷ ነኝ፣ ግን አላውቅም። የመለሰችላቸው እናቴ ናት። «ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ዳይፐሯን ቀይሬላታለሁ፤ ርሶ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ሁሉ ዛሬም በዓይኔ ላይ አለ። ብርድ ልብሶቹን አንድ በአንድ ገፈፉ። አንድ ስስ ነጠላ ብቻ ተዉላት። የልብሷን ጫፍ ወደ ላይ ሰብስበው ደረቷንና ሆዷን ገለጡ። አልነኳትም። ዝም ብለው አዩ። የስልኬን ሰዓት እንድይዝ ነገሩኝ። «አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሿን ቁጠር። እኔም በልቤ እቆጥራለሁ።» ትንሿ ሆድ ከፍ ትላለች፣ ዝቅ ትላለች። ከዚያ በፊት ልጄን ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ሌላ ምንም ሳላደርግ አይቻት የማውቅ አይመስለኝም። እኔ 37 አገኘሁ። እሳቸው 36። «ደግ ነው» አሉ።

ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ጸጥ ባለበት በደቂቃ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ይጠረጠራል። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ሕፃን ቁጥሩ 50 ነው። ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ቦታ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስርጉድ የሚል ከሆነ ደግሞ ሲነጋ እንወስደዋለን አይባልም። ይህን ለመለየት ሰዓትና ዓይን ይበቃል። የገጠር ጤና ኬላ ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችንም የሚቆጥሩት እንዲሁ ነው።

ቀጥለው አንገቷን በቀስታ ወደ ፊት አጠፍ አደረጉት፤ አልገተረም። ቆዳዋ ላይ ሽፍታ ፈለጉ፤ የለም። «ሚጡዬ፣ እስቲ እኔን እዪኝ» አሏት። አየቻቸውና አለቀሰች። ሲስተር ደስ አላቸው። «እንባ አላት» አሉ። እኔ ልቅሶዋ እየበላኝ ሳለ እሳቸው በእንባዋ ተጽናኑ። ውሃ ከሰውነቷ ያላለቀ ልጅ ናት እንባ የምታወጣው።

ቴርሞሜትሩን የተቀበሉኝ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በብብቷ ገባ። 39.2።

«እግሯ ለምን ቀዘቀዘ?» አልኳቸው። እስካሁን ከሰማሁት ማብራሪያ ሁሉ የገባኝ የዚያ ሌሊቱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ እንዴት እንደሚሠራ አስብ አሉኝ። መቆጣጠሪያውን ከፍ ስታደርገው ምጣዱ ገና ቀዝቃዛ ነው፤ እስኪደርስ ድረስ ይግላል። አንጎላችን ውስጥም ሃይፖታላመስ የሚባል መቆጣጠሪያ አለ። ተሕዋስ ሲገባ ሰውነት መቆጣጠሪያውን ራሱ ከፍ ያደርገዋል። ልጅቷ 38 ላይ ሆና ሰውነቷ 39 ስለሚፈልግ ይበርዳታል። ደም ከእጅና ከእግር ይሸሻል፤ ጡንቻ እየተንቀጠቀጠ ሙቀት ያመርታል። ደረጃው ሲወርድ ደግሞ በተቃራኒው ያልባታል። በዚያ መሀል ሁለት ብርድ ልብስ ስትደርብባት ሙቀቱ መውጫ ያጣል። በቀዝቃዛ ውሃ ስትነክራት ደግሞ መንቀጥቀጡ ይብሳል፣ ሥቃዩም ይጨምራል። አልኮል ወይም አረቄ መቀባትማ በቆዳና በትንፋሽ ወደ ሕፃኑ ደም ስለሚገባ አደጋ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። 37 የሚለውን ቁጥር የዓለም መለኪያ ያደረገው ካርል ቩንደርሊሽ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። 25,000 ከሚሆኑ ሕሙማን የሰበሰበውን ልኬት በመጽሐፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1868 ነው። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የሞቱበት ዓመት ማለት ነው። ታዲያ እሱም ቢሆን የሰው ሙቀት ጠዋት ዝቅ፣ ማታ ከፍ እንደሚል ያኔውኑ ጽፏል። እኛ ግን 37ን እንደ ድንበር ወስደነዋል፤ 37.3 ሲያሳይ የምንደነግጥ ወላጆች ብዙ ነን። በብብት ሲለካ 37.5 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ትኩሳት የሚባለው።

ወደ ሌሊቱ ልመለስ። የሽሮፑን ጠርሙስ አመጣሁ፤ ከወጥ ቤትም የሻይ ማንኪያ። ሲስተር ማንኪያውን ወሰዱና ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። «ይሄ ለስኳር ነው።» የቤታችን ማንኪያዎች አንዱ ከአንዱ አይገጥምም፤ አንዱ 3 ሚሊ ሲይዝ ሌላው 7 ሚሊ ሊይዝ ይችላል። መርፌ የሌለው ስሪንጅ ከቤታቸው ይዘው መጥተዋል። ከዚያ ጠርሙሱን ወደ ስልኬ መብራት አስጠግተው አዙረው አነበቡት። ፓራሲታሞል፣ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም። «ስንት ኪሎ ናት?» የክትባት ካርዷን አገላበጥኩ። 11 ኪሎ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም። ለ11 ኪሎ ልጅ ከ110 እስከ 165 ሚሊ ግራም መሆኑ ነው። 5 ሚሊ ሊትር 120 ይሰጣል፤ ይበቃታል። ቢያንስ 4 ሰዓት ሳይሞላ አይደገምም። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ አይበልጥም። ጠርሙሱ በ5 ሚሊ 250 ሚሊ ግራም የሚል ቢሆን ኖሮ ያው 5 ሚሊ ከሚገባት በላይ ይሆንባት ነበር። ለጨቅላዎች በጠብታ የሚሰጠው ደግሞ ከዚህም የበለጠ የወፈረ ነው። ስለዚህ «ለጎረቤት ልጅ 5 ሚሊ ሰጡት» የሚል ወሬ ጠርሙሱን ሳያዩ አይሠራም። አንዳንድ የጉንፋን ሽሮፕ ውስጥም ፓራሲታሞል አለ፤ ሁለቱን አብሮ የሰጠ ሰው ሳያውቀው እጥፍ ይሰጣል። አስፕሪን ደግሞ ለልጅ ትኩሳት ጨርሶ አይሰጥም፤ እንደ ኢንፍሉዌንዛ ካሉ የቫይረስ ሕመሞች ጋር ሲገናኝ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ፣ ራይ ሲንድረም የሚባል ብርቱ ሕመም ሊያመጣ ይችላል።

ሲስተር ስሪንጁን ወደ ጉሮሮዋ ሳይሆን በጉንጯ በኩል አስገቡ። ትንሽ ገፋ፣ ትዋጥ፣ ትንሽ ገፋ። ጠብታ እንኳ አልተፋችም። ውሃ በማንኪያ፣ በየደቂቃው። ከዚያ ቀጠን ያለ አጥሚት።

ከ50 ደቂቃ በኋላ ለካሁ። 38.3። ከፋኝ። «አልወረደም እኮ» አልኳቸው። ሲስተር ወደ እኔ አላዩም። እናቴ ጭን ላይ ተቀምጣ የጃንጥላውን እጀታ እየላሰች ያለችውን ልጅ በአገጫቸው አሳዩኝ። «እሷ ወርዶላታል» አሉ። መድኃኒቱ የተሰጠው እንዲቀላት ነው። በተሕዋስ የመጣ ተራ ትኩሳት በራሱ አንጎል አያቃጥልም። እኔ ከዚያ በፊት በየሩብ ሰዓቱ የምለካ፣ የተኛችን ልጅ ቀስቅሼ ሽሮፕ የምግት ሰው ነበርኩ። የተኛ ልጅ ይተኛ።

ከመሄዳቸው በፊት ነው ደብተሩን የሰጡኝ። የልጅ ልጃቸው ያልጀመረበት ደብተር ነው። «ሌሊት ሰው ይረሳል» አሉኝ። «ሰዓቱን ጻፍ። ሙቀቱን፣ የሰጠኸውን፣ የጠጣችውን፣ የሸናችውን።» ከሥሩ ደግሞ ራሳቸው በማያምር የሐኪም ቤት ጽሑፍ አምስት ነገር ጻፉልኝ። መጠጣት ወይም ጡት መያዝ ካቃታት። የገባውን ሁሉ ካስመለሳት። ካንቀጠቀጣት፣ ማለት ሰውነቷን ከሳተች። ስትጠራ ካልነቃች ወይም ከፈዘዘች። አተነፋፈሷ ከፈጠነ ወይም ከከበዳት። «ከነዚህ አንዱን ካየህ ዝናብም ቢሆን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ 36ም ብትሆን ውጣ» አሉኝ። አንዱም ባይኖር እንኳ ትኩሳቱ 3 ቀን ካለፈ ልጅ መታየት አለበት። ያ ገጽ አሁን ሻይ ፈሶበት ወይቧል። ግን አለ።

ሲነጋ እናቴ ጓሮ ወጣች። የሲስተር ዳማከሴ አጥሩ ሥር በዝናቡ ተንሠራፍቷል። አንድ እፍኝ ቀንጥሳ፣ አጥባ፣ በመዳፎቿ መሀል ታሸው ጀመር። መጀመሪያ አረፋ ይወጣዋል። ከዚያ ጥቁር አረንጓዴ ይሆናል። ሽታው ቤቱን ሞላው። ያ ሽታ ለእኔ ደሴ ነው። ታምሜ የቀረሁበት ትምህርት ቤት ነው፤ ግንባሬ ላይ የሚደርቅ ቅጠል ነው፤ ከፍሙ ላይ የወረደ ቡና ነው። በንጹሕ ነጠላ ጫፍ ጠቅልላ ጨመቀችው። በሲኒ ቡና ላይ ጠብ ልታደርግላት ስትል ያዝኳት።

«እማዬ፣ ለመጠጡ ይቅርባት። ገና ሕፃን ናት።»

ዝም አለች። ተቀየመች መሰለኝ። እናቴ ትኩሳትን በሙሉ ምች ነው የምትለው። ምች መታት፣ ከቤት ወጥታ ፀሐይ አገኛት፣ ይኸው ከንፈሯ ሊፈነዳ ነው። ይህን ስሰማ ድሮ አልስማማም ነበር። አሁን ግን የአባቶቻችንን ዓይን አደንቃለሁ። ከንፈር ላይ የሚወጣውን ቁስል የሚያመጣው ተኝቶ የሚቆይ ቫይረስ ነው፤ ፀሐይና ትኩሳት ይቀሰቅሱታል። ፀሐዩን፣ ትኩሳቱንና ቁስሉን አያይዘው ምች ያሉት ሰዎች አስተውለዋል። ዳማከሴንም በአይጥ ላይ ሞክረው ትኩሳት የማውረድ ኃይል እንዳለው የጻፉ ተመራማሪዎች አሉ። ለ11 ኪሎ ሕፃን ስንት ጠብታ ይበቃል የሚለው ግን ጠርሙስ ላይ እንደተጻፈው ተለክቶ አልተቀመጠም። እኔ የያዝኩት ለዚህ ነው። በመጨረሻ ተስማማን። እማዬ እግሯንና ጀርባዋን ቀባቻት። ልጅቷም በአያቷ እጅ ተኛች። ቡናውን እኔ ጠጣሁት።

ያልተስማማንበትም አለ። በነጋታው ልትጠይቀን የመጣች አንዲት ጎረቤት የሚጣን አፍ ከፍታ አይታ «ግግ አለባት፤ እንጥሏም ወርዷል፤ የሚያወጣ ሰው አውቃለሁ» አለች። ይህን በጣፋጭ ቃል ማለፍ አልችልም። ግግ የሚባለው ድዱ ሥር ያለ፣ ገና ያልወጣ የጥርስ እንቡጥ ነው። በሽታ አይደለም። ባልተቀቀለ ስለት ድድ ሲበጣ፣ እንጥል ሲቆረጥ ልጅ ደም ይፈሰዋል፤ ያመረቅዛል፤ መንጋጋ ቆልፍ ይይዘዋል። ትኩሳቱና ተቅማጡ ብዙውን ጊዜ በራሱ ስለሚሄድ ምስጋናው ለቆረጠው ሰው ይሆናል። የሞተው ልጅ ግን አይመሰክርም። እናቴ ጎረቤቲቱን በር ድረስ ሸኘቻትና ተመልሳ «አይነኳትም» አለች። ከዚያ ወዲያ ቡናው ላይ የነበረው ቅያሜ ጠፋ።

የደብተሩ ስድስተኛ ገጽ ላይ ሁለት ቁጥር ብቻ አለ። 9፡14። 9፡16።

ኅዳር ነበር፣ ቀን ላይ። ከሰዓት በኋላ ትንሽ ሞቅ ብሏት ጭኔ ላይ ተጋድማለች። ባለቤቴ ሽሮፑን እየሳበች ነው። ድንገት ሚጣ ተገተረች። ዓይኗ ወደ ላይ ተገለበጠ። እጅና እግሯ ይዘል ጀመር። ከንፈሯ ጠቆረ። ባለቤቴ የጮኸችው ጩኸት ግቢውን ሁሉ አመጣው። አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫዋ ሥር ሊያጨስ መጣ። ሌላዋ ጥርሷን በማንኪያ ፈልቅቁ አለች። ውሃ ይረጭባት የሚልም ነበር። ሁሉም የወደዳት ነው። ሁሉም ሊያድናት ነው።

ሲስተር ያን ቀን ቤት አልነበሩም። ግን ሐምሌ ላይ የነገሩኝ አንድ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ቀርቷል። በጎን አስተኛት፣ ሰዓት እይ። መሬት ላይ ነጠላ አንጥፌ በጎኗ አስተኛኋት። አፏ ውስጥ ምንም እንዲገባ አልፈቀድኩም። እጇንም አልያዝኩም፤ የሚዘልን እጅ በጉልበት መያዝ ይጎዳዋል። ክብሪት የያዘውን ሰውዬ ገፈተርኩት፤ በኋላ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ሰዓቱ 9፡14 ይላል። ዕድሜዬን በሙሉ እንደዚያ የረዘመ ነገር አላየሁም። 9፡16 ላይ እጇ ዝም አለ። በረጅሙ ተነፈሰችና እንቅልፍ ወሰዳት።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነቅታ እናቷን ትጣራ ነበር። ጆሮዋ ውስጥ መግል ተገኘ። ያየችን ሐኪም ወንበር ስባ ተቀመጠችና ቀስ ብላ አስረዳችን። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉ ልጆች ከ100 ከ2 እስከ 5 የሚሆኑት ሲተኩሱ እንዲህ ይሆናሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ደቂቃ በታች ነው። አንጎል አይጎዳም። የሚጥል በሽታ ነው ማለትም አይደለም። ከሦስቱ አንዱ ያህል ሌላ ጊዜ ሊደግመው ይችላል። ሽሮፕ ቶሎ ቶሎ በመስጠት ማስቀረት ግን አይቻልም፤ ስለዚህ ራሳችሁን አትውቀሱ አለችን። የመጀመሪያው ጊዜ ሁልጊዜ በሐኪም መታየት አለበት፤ ማጅራት ገትር አለመሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። 5 ደቂቃ ካለፈ ድንገተኛ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር፣ 907፣ የደብተሩ ሽፋን ጀርባ ላይ አለ።

ከጤና ጣቢያው ስንመለስ አንዲት ዘመድ ባለቤቴን ጥግ ይዛ «ይህን ለሰው እንዳታወሩ፤ ሴት ልጅ ናት» አለቻት። ባለቤቴ ያን ማታ ያለቀሰችው ከቀኑ የባሰ ነው። ለሰው የማወራው ለዚህ ነው። የሆነው ነገር ብዙ ቤት ይሆናል። ተደብቆ ስለሚያልፍ ነው ክብሪት ተይዞ የሚመጣው።

ቀሪዎቹ ገጾች እንደዚህ አያስጨንቁም። ጉንፋን፣ ጉንፋን፣ ተቅማጥ ከኦአርኤስ ጋር፣ እንደገና ጉንፋን። አንድ ጊዜ ፋርማሲ ሄጄ «ልጄ ተኩሳለች» ስል ምንም ሳልጠየቅ አሞክሳሲሊን ተቆጥሮልኝ ወጣሁ። ሲስተር ከእጄ ነጠቁኝ። ቫይረስ በአንቲባዮቲክ አይሞትም፤ በማይሆን ጊዜ ሲወሰድ ደግሞ በሚሆን ጊዜ አይሠራም። ያን ጊዜ ትኩሳቷ በሦስተኛው ቀን በራሱ ጠፋ።

አንድ ገጽ ላይ ግን ባለቤቴ በቀይ አስምራበታለች። «ጥቅምት 20። 38.8። ከአርባ ምንጭ ከተመለስን 11 ቀን።» አርባ ምንጭን የጻፈችው ሲስተር ከጠየቋት በኋላ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ወባን እንረሳታለን። አርባ ምንጭ ግን 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ከ2,000 ሜትር በታች ባለው አገር ወባ የሚበረታበት ጊዜ ነው። «ወደ ቆላ ሄዶ የመጣ ልጅ ሲተኩስ ደሙ ሳይታይ አያድርም» አሉ። ከጣቷ አንዲት ጠብታ ደም ወሰዱ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ መመርመሪያው ላይ ሁለት መስመር ወጣ፤ ወባ ነው። ኳርተም የሚባለውን የወባ መድኃኒት በ3 ቀን 6 ጊዜ ወሰደች። ባለቤቴ እያንዳንዷን ሰዓት ጽፋዋለች።

ያለፈው የካቲት ላይ ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። ታናሽ ወንድሜ ነው። የመጀመሪያ ልጁ ገና በተወለደ በ5ኛ ሳምንቱ ነው። «ጋሼ፣ ሕፃኑ ትንሽ ተኩሷል። 38 ነው፣ ብዙ አይደለም። ያን ደብተር ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ ስንት ሚሊ ልስጠው?»

ደብተሩን አላነሳሁም። ያ ሁሉ ገጽ ለ5 ሳምንት ሕፃን አይሆንም። 3 ወር ያልሞላው ሕፃን ከተኮሰ ቤት አይጠበቅም። ሽሮፕ ሰጥቶ እስቲ እንየው አይባልም። ገና ደካማ ነው፤ ተሕዋሱ በሰዓታት ውስጥ ደሙን ሊወርሰው ይችላል። ክትባት ነው እንዳይባል የ6 ሳምንቱን እንኳ ገና አልተወጋም። «አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰደው» አልኩት።

ዝም አለ። ከኋላው የሴቶች ድምፅ ይሰማኛል። «እኮ ክርስትና አልተነሳም» አለኝ። «40 ቀኑ አልሞላም። አራስና ሕፃን በዚህ ሌሊት እንዴት ይወጣሉ፤ ንፋስ ይመታዋል እያሉኝ ነው።»

እናቴ ነቅታ አጠገቤ ቆማለች። ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። ያቺ የመስኮት ስንጥቅ በጨርቅ የምትወትፈው እናቴ።

«ጡት እየያዘ ነው?» አለችው። ሰማችው። «ከመቼ ጀምሮ ነው እምቢ ያለው?» እንደገና ሰማችው። «ማንንም አትስማ። ይዘኸው ውጣ። እናቱም ትምጣ፤ መንገድ ላይ ጡቷን ትስጠው። እኛም እየመጣን ነው።» ስልኩን ስትመልስልኝ ጫማዋን በባዶ እግሯ አጥልቃለች።

ደሙ ውስጥ ኢንፌክሽን ተገኘበት። ኦክስጅን ተደርጎለት፣ 10 ቀን በመርፌ ታክሞ ወጣ። ክርስትናው በ40 ቀኑ መሆኑ ቀርቶ በ52 ቀኑ ሆነ። እናቴ ካልመጡ አልሄድም ብላ ሲስተርን ይዛቸው ሄደች። ዳቦውን እሳቸው ቆረሱት።